የራት ግብዣና የሜልኮል መስኮት

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ለወጣቶች አስተማሪዎች በተዘጋጀ የአምስት ቀን ሥልጠና እንድካፈል ቤተ ክርስቲያናችን ከመተማ ዮሐንስ ወደ አዲስ አበባ ላከችኝ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ እስከ ጎንደር በመኪና፣ ከጎንደር ደግሞ አዘጋጆቹ በቆረጡልኝ ትኬት በአውሮፕላን ሄድኩ። እኛ የቆላ ሰዎች ጥርን ቀዝቃዛ ወር ነው እንላለን፤ ቀዝቃዛ የምንለው ግን ሌሊት አንሶላ የሚያስደርበውን ነው። የአዲስ አበባ ጥር ሌላ ነው። በስስ ሸሚዝ ሄጄ የመጀመሪያውን ሌሊት ስንቀጠቀጥ አደርኩ፤ በማግስቱ ከሐዋሳ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ወንድም ትርፍ ጃኬቱን አዋሰኝ።

ሥልጠናው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያስተናገደችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ አንድ ነጋዴ ስድስታችንን ራት ጋበዙን። ሁላችንም “ጋሼ” ነበር የምንላቸው። “ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ አዳራሽ ብቻ አይታችሁ አትመለሱም። የባህል ምግብ ቤት እወስዳችኋለሁ፤ ውዝዋዜም አለ” አሉን። ለአፍታ ዝም አልን። አንዷ እህት፣ “ጋሼ፣ ጠጅ የሚጠጣበት ቦታ አይደል እንዴ?” አለች። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣ “ጠጅም አለ፤ እኛ ብርዝ እንጠጣለን” አሏት።

እኔ ዝም ያልኩበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን ባስተማርኩባቸው ዓመታት “ውዝዋዜ” የሚለውን ቃል ያነሳሁት ሁልጊዜ ለማስጠንቀቅ ነው። ልጆቹ ሲጠይቁኝ መልሴ አጭር ነበር፤ “የዓለም ነው” እላቸውና ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። ታዲያ ያን ምሽት ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ግብዣ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን እያሰብኩ፣ በልቤም ቦታው ምን እንደሚመስል ለማየት እየጓጓሁ ሄድኩ። ጉጉቴን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ቤቱ በቦሌ በኩል ካሉት የባህል ምግብ ቤቶች አንዱ ነው። በር ላይ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ እጃችንን አስታጠበችን። ዝቅ ባሉ በርጩማዎች ላይ መሶብ ከበን ተቀመጥን። በአንዱ ጥግ ቡና ይቆላል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ከጎናችን የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ወዲያ ከአሜሪካ የመጣ የሚመስል ቤተሰብ ለአያታቸው ልደት ያከብራል፤ ከበስተኋላችን ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጠጁን በብርሌ እየጨበጡ ይስቃሉ። መድረኩ ላይ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ አሉ፤ ከኋላ አንድ ኪቦርድም አለ።

ምግቡ ሲቀርብ ውዝዋዜው ጀመረ። አሠራሩ ገባኝ። ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች አንዱን ባህል ተጫውተው ይወጣሉ፤ ዘፋኟ አንድ ዘፈን እስክትጨርስ ድረስ ከጀርባ ልብሳቸውን ቀይረው በሌላ ባህል ይመለሳሉ። ከበሮውን አንግተው ክብ ሠርተው እየዞሩ ትግራይን አሳዩን። እግራቸው መሬት የማይነካ እስኪመስል ድረስ ጉራጌን ጨፈሩ። ከዚያ ወላይታ፣ ከዚያ የሸዋ ኦሮሞ። ከአንድ እንጀራ ጫፍ እስከ ሌላው ሳንደርስ የአገሪቱን ግማሽ ዞርን።

በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ስለሆነ ይህ አቀራረብ ከየት እንደመጣ ለጓደኞቼ ጥቂት ነገርኳቸው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣሊያን ሊወርረን የተቃረበበት ጊዜ ነበር፤ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነሳሳት ነው የተቋቋመው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሡ የንግሥና 25ኛ ዓመት ሲከበር የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተከፈተ። በሠርግ፣ በዓመት በዓልና በአውድማ የነበረው ጭፈራ እንዲህ ባሉ መድረኮች ላይ ሲወጣ፣ ዙሪያውን ቆሞ የሚያጨበጭበው ጎረቤት ቀረና ከፊት ለፊት የሚቀመጥ ተመልካች ተተካ። የባህል ምግብ ቤቱ ደግሞ ለተመልካቹ መሶብ ጨመረለት።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ “የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ” አሉ። ለንግድ ሥራ ወደ ቬትናም በሄዱበት ጊዜ ወደ ጎረቤት ካምቦዲያ ተሻግረው ሲየም ሪፕ የምትባል ከተማ አድረው ነበር። የታወቀው አንኮር ዋት ያለው እዚያ አጠገብ ነው። እንግዳው ራት እየበላ የክመርን ባህላዊ ውዝዋዜ ያያል። “እንደ እኛ ትከሻ አይመቱም። እጅግ በዝግታ ነው፤ ጣታቸውን ወደ ኋላ ይቀለብሱታል። አንዱ የጣት አያያዝ ቅጠል ነው፣ አንዱ አበባ፣ አንዱ ፍሬ” አሉና በራሳቸው ወፍራም ጣት ሊያሳዩን ሞከሩ፤ ሳቅን። ውዝዋዜው ከዚያ አገር ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አልደበቁንም። “እንደ አማኝ የማልቀበለው ነገር አለበት” አሉ። “ግን አስጎብኚው የነገረኝን አልረሳም። ክመር ሩዥ አገሪቱን በያዘበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979፣ አብዛኞቹ ተወዛዋዦችና አስተማሪዎቻቸው አለቁ። የተረፉት ጥቂቶች በሰውነታቸው የያዙትን እያስታወሱ ለልጆች አስተማሩ። ያን ከሰማሁ በኋላ ሹካዬን ይዤ ቀረሁ። የማየው ጭፈራ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሰው ነው ለካ።”

ያ ንግግር ያን ምሽት ለእኔ የተላከ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

አስተዋዋቂው፣ “አሁን ደግሞ ወደ ጎንደር እንሄዳለን!” አለ። ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞረው አጨበጨቡ። ተወዛዋዦቹ ነጭ ለብሰው፣ ጋቢ አደግድገው፣ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወጡ። ለራሴ ፈገግ አልኩ። የእኔ ጎንደር በቀትር ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው፤ ጋቢ የሚደርብ የለም። የእኔ ጎንደር ሰሊጥና ጥጥ፣ ማሽላና ዕጣን፣ የጉሙዝ ወንድሞቻችን መንደር፣ በገበያችን ጀላቢያ ለብሶ የሚመላለሰው ሱዳናዊ ነጋዴ ነው። መድረኩ ላይ ያለው ደጋው ብቻ ነው እያልኩ ስታዘብ፣ በግራ በኩል ያለው ረጅሙ ልጅ ፊቱን ወደ መብራቱ አዞረ።

የመዘምራን ቡድናችን ልጅ ነበር።

ስሙን አልጽፍም። እናቱና ታላቅ ወንድሙ የኦርቶዶክስ አማኞች ናቸው፤ ከቤቱ ወደ እኛ የመጣው እሱ ብቻ ነው። በ15 ዓመቱ መጣ፤ ሦስት ዓመት ዘመረ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ቡድኑ በሰልፍ ቆሞ ሲዘምር፣ እሱ ከሰልፉ ወጣ። ዘለለ። ትከሻውን እንደ ሠርግ ቤት መታ። ጋዋኑ እስኪጠመዘዝ ድረስ እስክስታ ወረደ። አንዳንድ ልጆች ሳቁ፤ አንዳንድ ወላጆች ተያዩ። እኔ ከመዘምራኑ መጋረጃ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

ረቡዕ በልምምድ ሰዓት በ40 ልጆች ፊት አቆምኩት። “ይህ መድረክ የአምልኮ ነው። ትከሻ መምታት ካማረህ ቦታው ሌላ ነው” አልኩት። አፉን ሊከፍት ሲል፣ “አትከራከር” አልኩት። በእኔ አሳብ አቅራቢነት ለሦስት ወር ከአገልግሎት ታገደ። እሱ ግን ሦስት ወሩን አልጠበቀም፤ በሁለተኛው ሳምንት መምጣቱን አቆመ። ጎንደር ሄደ ተባለ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ተባለ። እኔም ስንል የኖርነውን አልኩ፤ “ዓለም ወሰደው።” ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። ቀላል ናት። ልጁን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ጉዳዩን ትዘጋለች።

እንግዲህ እዚያ ቤት፣ መሶብ ፊት ተቀምጬ፣ ዓለም ወሰደው ያልኩት ልጅ ሲጨፍር አየሁት። ጥሩ ነበር። ይህን ለመመስከር መፍራት የለብኝም፤ ከስድስቱም ዓይን የሚይዘው እሱ ነበር።

በእነዚህ ቤቶች ውዝዋዜው መድረክ ላይ አያበቃም። ተወዛዋዦቹ ይወርዳሉ፣ በየጠረጴዛው ይዞራሉ፣ እንግዳውን አስነሥተው ትከሻ ለትከሻ ይገጥሙታል፤ ደስ ያለው ሰው ብር አውጥቶ ግንባራቸው ላይ ይለጥፋል። ልጁ የልደት ባለቤቷን አያት አስነሥቶ በእርጋታ፣ ጉልበታቸውን እንዳይጎዳ ዝቅ ብሎ አስጨፈራቸው፤ ቤቱ እልል አለ። ከዚያ ወደ ጠጭዎቹ ጠረጴዛ ሄደ። አንዱ ሰውዬ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈ፤ እጁን ግን አላነሣም፤ የልጁን ራስ ወደ ታች ገፍቶ ጓደኞቹን አሳቀ። ልጁም ሳቀ። ሥራው ነውና ሳቀ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና ዓይኔን አየ።

ትከሻው ቆመ። ለአንድ ምት ያህል ነው፤ ከእኔ በቀር ያየ ያለ አይመስለኝም። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና እኛን አልፎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ። የሐዋሳው ወንድም፣ “ምነው እኛን ዘለለን?” አለ። የጎረስኩት አልወርድ አለኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ራት እየተበላ ጭፈራ የታየበት ቦታ ፈልጉ ብትባሉ የት ትሄዳላችሁ? እኔ ሁልጊዜ ወደ ሄሮድስ ልደት ነበር የምሄደው። ማርቆስ ምዕራፍ 6ን ስንት ጊዜ ለልጆቹ አንብቤ “አያችሁ ጭፈራ የሚያመጣውን?” ብያለሁ። ያን ምሽት ታሪኩን ከማዕዱ በኩል አየሁት። ልጅቷ እናቷ የላከቻት ብላቴና ናት። መሐላውን የማለው ንጉሡ ነው፤ በተቀመጡት እንግዶች ፊት እንዳያፍር ብሎ የመጥምቁን አንገት ያስቆረጠው እሱ ነው። በአስቴር መጽሐፍ መጀመሪያም ሌላ ግብዣ አለ፤ ንጉሡ ጠጥቶ ንግሥት አስጢንን ለእንግዶቹ ውበቷን እንድታሳይ አስጠራት፤ እምቢ አለች፤ ዙፋኗን አጣች። በሁለቱም ቦታ የተቀመጡት ሰዎች ምን ያዩ ነበር? ሰው አላዩም። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሳስተምር ስለ ሚጨፍረው እንጂ ስለ ተቀመጠው ተናግሬ አላውቅም። አሁን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ላይ ወጥ አለ።

ራቱ ሲያበቃ ጋሼን አስፈቅጄ በጓሮ በኩል ወጣሁና የሠራተኞች በር አጠገብ ጠበቅኩት። የለበሰው ቀጭን ቲሸርት በላብ ተጣብቆበታል፤ ብርዱ ያጨሰዋል። ጃኬቴን አውልቄ ደረብኩለት፤ የተዋስኩት መሆኑን እንኳ ረስቼ ነበር።

“መምህር፣ ምግቡ አልጣፈጠዎትም?” አለኝ። “አልበሉም፤ አይቻለሁ።”

ይህ ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ሠራተኞቹ በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቤት ደህና ነው ወይ፣ ሰሊጡ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ ጀመረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሳምንት አምስት ምሽት እንደሚሠራ፣ ሌላ ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ፣ ለእናቱ በየወሩ እንደሚልክ ነገረኝ። እሑድ ጠዋት ከቤቱ ቅርብ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ በር አጠገብ ይቀመጣል። ሥራው ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። “ቢሰሙ ይነግሩኛል፤ አውቀዋለሁ የሚሉኝን” አለ። በፊቱ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ። ድካም ግን ነበረበት።

“ሥራው ጥሩ ነው?” አልኩት።

“አንዳንድ ምሽት ጥሩ ነው። እኒያን እናት ሳስጨፍር እናቴ ትዝ አለችኝ። አንዳንድ ምሽት ግን፤ ያን ሰውዬ አይተውታል አይደል? እኔስ ወንድ ነኝ፤ ሴቶቹን ነው የሚያሳዝነው። ወደ መድረክ ሳንወጣ እኔና አንዷ ልጅ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እንጸልያለን። ሌላ ሥራ ባገኝ እተወዋለሁ፤ ደግሞ እወደዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ መምህር።”

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅኩት። “ያን እሑድ ምን ሆነህ ነው?”

ዝም አለ። ጥያቄውን ሲጠብቅ ቆይቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ዓይነት ዝምታ ነበር።

“ወንድሜ ገብቶ ነበር እኮ” አለኝ።

ተወዳጆች፣ እዚህ ላይ ስለ አገራችን ጥቂት ልንገራችሁ። መተማ ዮሐንስና ጋላባት የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ወንዝና ድልድይ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚሁ ነው፤ ከተማችንም በስማቸው ትጠራለች። ሱዳን ለእኛ የሩቅ አገር ዜና ሆና አታውቅም። ብዙ ቤት ካርቱም ውስጥ ልጅ አለው። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ቤታችን ሁሉ ስልክ ሆነ። ከዚያ በድልድዩ ሰው መፍሰስ ጀመረ፤ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ የእኛው ሰው፣ ሻንጣ የያዘው፣ ምንም ያልያዘው። ቤተ ክርስቲያናችን ውኃና ዳቦ ታድል ነበር፤ እኔም ከአዳዮቹ አንዱ ነበርኩ።

የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም ካርቱም ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ስልኩ አይነሣም። ልጁ በረቡዕ ጸሎታችን ላይ ተነሥቶ፣ “ለወንድሜ ጸልዩልኝ” ብሎን ነበር። ጸለይን። በሚቀጥለውም ረቡዕ፣ በሚቀጥለውም። ከዚያ ሥራው በዛ፤ ሰው በዛ።

“28 ቀን ነው የጠፋው” አለኝ። “እናቴ ለቅሶ ልቀመጥ እያለች እኛ እየከለከልናት ነበር። ቅዳሜ ግንቦት 5 ከሰዓት በኋላ፣ ድልድዩ ጋ ቆሜ ሳለሁ፣ መጣ። እግሩ አብጦ፣ በእግሩ እየተንፏቀቀ። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ እሱ ነው በስሜ የጠራኝ። ሌሊቱን ትኩሳት ነበረበት፤ እናቴ አጠገቡ አደረች። እኔ ግን እሑድ ጠዋት፣ ‘ጌታ ይህን አድርጎልኝ ከቤት አልቀርም’ ብዬ መጣሁ። ልነግራችሁ ነበር፤ መዝሙሩ ሲጀምር ግን ሰውነቴ ቀደመኝ። አባታችን ሳይሞት በፊት፣ ወንድሜ ከካርቱም ለበዓል ሲመጣ እኛ ቤት እንደዚያ ነበር የሚጨፈረው። ሌላ ደስታ የማሳይበት አላውቅም ነበር፣ መምህር።”

የምመልሰው አልነበረኝም። “ይቅር በለኝ” አልኩት። “እኔ’ኮ ይቅር ብያለሁ” አለ፤ ከዚያ ጥቂት አሰበና፣ “ማለቴ፣ ስል ቆይቻለሁ። ዛሬ ሳይዎት ግን ትከሻዬ እንቢ አለኝ” አለኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ጋሼ ፈልገው ሲመጡ እንደዚያ ሆነን አገኙን፤ ምንም ሳይጠይቁ ጎናችን ተቀመጡ። በኋላ ስልኩን ተቀበሉት፤ አሁን ያንን ልጅ በየጊዜው ቤታቸው ጠርተው ምሳ የሚያበሉት እሳቸው ናቸው። ጃኬቱ ከእሱ ጋር ቀረ፤ የሐዋሳውን ወንድም ሌላ ገዝቼ ካስኩት።

ያን ሌሊት 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን ከፈትኩ። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘል የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አየችውና በልቧ ናቀችው። ይህን ታሪክ ሳስተምር ሁልጊዜ ራሴን ከዳዊት ጋር ነበር የማቆመው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ግን ሜልኮልን ልብ ብላችሁ አይታችኋታል? ያየችው ነገር ውሸት አልነበረም። ንጉሡ እውነትም በሰው ፊት ዘልሏል። ያላወቀችው፣ ታቦቱ ወደ ከተማ መግባቱ ለዳዊት ምን እንደሆነ ነው። ለማወቅ ደግሞ ከመስኮቱ ወርዳ ከሕዝቡ ጋር መቆም ነበረባት። እኔም ያን እሑድ ያየሁት ትከሻ እውነተኛ ትከሻ ነው። በድልድዩ የገባውን ወንድም ግን አላየሁም፤ ምክንያቱም መስኮቴ ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ።

እንዳታሳስቱኝ፤ ጭፈራ ሁሉ አምልኮ ነው፣ የትም ግቡ፣ ምንም ተመልከቱ እያልኳችሁ አይደለም። በዚያ ቤት የማያንጽ ነገር አይቻለሁ፤ ልጁም ራሱ ነግሮኛል። በአምልኮአችንም ሥርዓት ያስፈልገናል። ወደ መተማ ተመልሼ ይህን ለመዘምራኑ ስነግር አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ፣ “በር እየከፈትክ እንዳይሆን” ብለውኛል፤ ስጋታቸው የፍቅር ስጋት ነው፤ አልናቅኩትም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የአንድን ወንድም ትከሻ ከመፍረዳችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁት። የምትጠይቁትም በ40 ሰው ፊት አይሁን፤ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ይሁን። ራት እየበላችሁ የሚያገለግላችሁንም ሰው፣ ተወዛዋዥ ይሁን አስተናጋጅ፣ በስሙ ልትጠሩት እንደምትችሉ አስቡ።

በመዘምራኑ ፊት የፈረድኩትን በመዘምራኑ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩበት። በስልክ አስፈቅጄው ምክንያቱን ነገርኳቸው። አብረውት ከቆሙት ልጆች ሁለቱ ያኔ ስቀውበት ነበር፤ ማታውኑ ደወሉለት።

ከዚያ የቢሮውን መሳቢያ ከፍቼ የ2015ቱን የጸሎት ደብተር አወጣሁ። ሦስት ዓምድ አለው፤ ስም፣ የጸሎት ርዕስ፣ የጸሎት መልስ። ረቡዕ ሚያዝያ 11 በሚለው ገጽ ላይ የልጁ ስም አለ። ርዕሱ፣ “ካርቱም ያለ ወንድሙ በሰላም እንዲመለስ” ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነበር።

እስክሪብቶ አንሥቼ፣ “ግንቦት 5 ቀን 2015 ተመልሷል” ብዬ ጻፍኩበት።